ያልተሄደበት ረግረግ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ስለ ወፍ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ ጸጋአብን ያሳዩዋችኋል። የሁለት መቶ ወፎች ስም በላቲን ይነግራችኋል፣ ውሸት የለበትም። ከቢሮው መስኮት ውጭ የኒም ዛፉ ላይ ቁጭ ብላ የምትጮኸው ምን እንደሆነች ብትጠይቁት ግን መነጽሩን ፍለጋ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ወፏም ትበራለች፣ ጥያቄውም ይረሳል።

የተወለደው ደጋ ነው፣ ቡሬ አካባቢ። ዲግሪውን ይዞ ወደ ጋምቤላ የወረደው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆን "ለሁለት ዓመት ብቻ ነው" ብሎ ነበር። ለሁለት ዓመት ብለው ጋምቤላ የሚገቡ ሰዎች ልጆቻቸውን እዚሁ ይድራሉ። እሱም ናዝሬት የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አገባ፣ ወለደ፣ የባሮን ወንዝ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ማየት ለመደ፣ ሙቀቱን ሰደበ፣ ሙቀቱም ዝም አለው።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይህን መጻፍም ባላስፈለገ ነበር፤ ክፉን ሕዝቡ አውቆ ይጠነቀቀዋል። ጸጋአብ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ከወንበሩ የሚነሳ፣ "ወንድሜ" ሳይል ስልክ የማይዘጋ ትሑት ነው። ቢሮክራሲ የሚሉት አውሬ የራሱ ጥርስ የለውም፤ ሰፊውን ሕዝብ የሚያኝከው እንዲህ ባሉ ትሑታን አፍ ነው።

በዓመት ውስጥ ከሚጽፋቸው ወረቀቶች መካከል ነፍስ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ከአልዌሮ ግድብ በታች ስሙን የማልጠራው አንድ የሩዝ እርሻ አለ። ሩዙ ከመታጨዱ በፊት ማሳው ላይ የተኛው ውሃ መለቀቅ አለበት፤ የሚለቀቀውም ወደ ታችኛው ረግረግ ነው። ረግረጉ ውስጥ ደግሞ እነዚያ ትልልቅ ጥቁር ዝዮች፣ ክንፋቸው ላይ እሾህ ያላቸው፣ በሣር ጉብታ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ውሃው በአንድ ጊዜ ከወረደ ጎጆው ይሰጥማል። ስለዚህ እርሻው የውሃውን በር ከመክፈቱ በፊት የእነጸጋአብን የዱር እንስሳት ቢሮ በደብዳቤ ይጠይቃል፤ ዝዮቹ ጨርሰዋል ወይ? ቢሮው ባለሙያውን ልኮ አይቶ "ጨርሰዋል" ወይም "አልጨረሱም" ይላል። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ቃል። ግን ያችን ቃል ለማምጣት ቦት ጫማ አጥልቆ እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጸጋአብ ይገባ ነበር። በአራተኛው ዓመት ረግረጉ አጠገብ እስካለችው አቦቦ ሄዶ ከመኪና ሳይወርድ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የረግረጉን ጠባቂ ኦጉላን በስልክ መጠየቅ ጀመረ። ኦጉላ የዚያው ሰፈር ሰው ነው፤ አኙዋክ ነው፣ አማርኛው ለሥራ የሚበቃ ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ። ዘጠኝ ዓመት በብስክሌት ረግረጉን ሲዞር ኖሯል። የትኛዋ ዝይ የት ጉብታ ላይ እንደምትቀመጥ ያውቃል። ደመወዙ የጸጋአብ ሩብ አይሞላም፤ የሳይንስ እድገት በዚህ መልክ ተከፋፍሎ ነበር።

ታዲያ ጸጋአብ አያውቅም ነበር እንዳትሉ። ከሁለት ዓመት በፊት በከተማው ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጥቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ግድግዳው ላይ ነጭ መሬትና ነጭ ሰማይ እያሳየ ስለ ሰሜን ዝዮች አስረዳ። እነዚያ ዝዮች ክረምቱን ደቡብ አሳልፈው በጸደይ ወደ ሰሜን ይበራሉ። እንቁላል የሚሆነውን ስብ በሰውነታቸው ተሸክመው ነው የሚደርሱት። ሲደርሱ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ከተገለጠ ወዲያው ይጥላሉ። ካልቀለጠ ይጠብቃሉ፤ በጠበቁ ቁጥር ግን ስቡ ይመነምናል፣ ስድስት ልትጥል የነበረችው አራት ትጥላለች፣ ከባሰም ዓመቱን ባዶዋን ታልፋለች። በረዶው ቀድሞ ቢቀልጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሣሩ ቀድሞ ይበቅልና ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ለጋው አርጅቶ ይጠብቃቸዋል። ዝይ የቀን መቁጠሪያ የላትም፣ የምታነበው መሬቱን ነው አለ አሠልጣኙ።

ጸጋአብ እጁን አውጥቶ፣ እኛ ጋ በረዶ የሚታየው ሚሪንዳ ብርጭቆ ውስጥ ነው አለ። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ስቆ ሲያበቃ የእናንተ በረዶ ምንድን ነው ብሎ መልሶ ጠየቀው። ጸጋአብ ደብተሩ ላይ "የእኛ በረዶ ውሃ ነው፤ ረግረጉ ሲሞላ ትጥላለች፣ ሲዘገይ ትዘገያለች" ብሎ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ጻፈ። ፈተናውን ከሁሉም በላይ አመጣ። የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። በግንቦት መግባት የነበረበት በሰኔ መጨረሻ ገባ፤ ረግረጉ በሐምሌ መሙላት ሲገባው እስከ መስከረም ሰነፈ። በሌላው ዓመት በነሐሴ የሚጥሉትና በጥቅምት አጋማሽ ጫጩት አስከትለው የሚሄዱት ዝዮች፣ ዘንድሮ ገና በመስከረም መጨረሻ ሣር መጎተት ጀመሩ። ኦጉላ ይህን አይቶ ደወለ።

"ኤክስፐርት፣ ዝዮቹ ዘግይተዋል። ገና ሊጥሉ ነው። እርሻው ይቆይ።"

ጸጋአብ ያን ሰዓት የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ነበር። "እሺ ወንድሜ፣ ይዤዋለሁ" አለ። የያዘበትን ቦታ ግን ማንም አላገኘውም፤ ወረቀት ላይም አልነበረም፣ ጭንቅላቱም ውስጥ አልነበረም።

በጥቅምት አሥራ አራት የእርሻው ደብዳቤ መጣ። የቢሮው መኪና እንግዶች ይዛ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ሄዳ ነበር፤ እንግዶቹ መጠለያውን ለመጎብኘት፣ መኪናዋም እነሱን ለመጠበቅ። ጸጋአብ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያለፈውን ዓመት መልስ አወጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን ለወጠ፣ ቀኑን ለወጠ፣ የቀረውን ተወው። የቀረው ደግሞ "ባደረግነው የመስክ ምልከታ መሠረት ዝዮቹ የመራቢያ ጊዜያቸውን ያጠናቀቁ በመሆኑ" የሚል ነበር። ያላየውን ያየሁ ብሎ ጻፈ ማለት ነው፤ ያውም "ባደረግነው" ብሎ፣ በብዙ ቁጥር። ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዜ ፈረመች፣ ማኅተም ተመታበት። ደብዳቤው አንድ የፊደል ግድፈት እንኳ አልነበረበትም።

ውሃው የተለቀቀው በጥቅምት ሃያ ነው። ያን ቀን ጠዋት ኦጉላ አራት ጊዜ ደወለ። ጸጋአብ ስለ መልካም አስተዳደር በሚወያይ ስብሰባ ላይ ስለነበረ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲደውል ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ኦጉላን አገኘው። ውሃው መጣ፣ አንድ ክንድ ከፍ አለ፣ አለቀ፤ ይህን ብቻ ነገረው።

እዚህ ላይ ጸጋአብ መናገር ይችል ነበር። የሚያስፈልገው አንድ አረፍተ ነገር ነበር፤ አልሄድኩም፣ ሳላይ ጻፍኩ። ግን መጀመሪያ ሁኔታው ይጣራ አለ። የእኛ ምሁር መሬት ቢከፈት እንኳ ኮሚቴ ካልተዋቀረ አይወድቅም።

ኮሚቴው በሳምንቱ ረግረጉ ደረሰ፤ ጸጋአብም ከአባላቱ አንዱ ሆኖ የራሱን ጥፋት ሊያጣራ ሄደ። ውሃው ሸሽቶ ነበር። ጉብታዎቹ በጭቃ ተለስነዋል፤ እንቁላል እዚህም እዚያም በደንገል ሥር ተቀብሯል። አንዲት ዝይ ጎጆዋ በነበረበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ሰው ሲቀርባት ትንሽ ፈቀቅ ትልና ተመልሳ እዚያው ትቆማለች። ጸጋአብ እስክሪብቶ ይዞ አያት። ደብተሩ ምን እንደሚለው ያውቃል። የሰሜኗ ዝይ እንቁላሏ ከጠፋ በጋው አጭር ነውና ደግማ አትጥልም፤ የእኛዋ ውሃው ረግቶ ቢቆይላት ትሞክር ነበር፤ ዘንድሮ ግን ዝናቡ አብቅቷል፣ ረግረጉም መድረቅ ይጀምራል። አንድ እንቁላል ከጭቃው አውጥቶ ነካው፤ በውስጡ ያለው ዝይዋ ሁለት ሳምንት ያህል የታቀፈችው ጽንስ ነበር። መልሶ አስቀመጠው፣ በቀስታ፣ ቀስታው የሚጠቅመው ነገር እንዳለ ሁሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን የፈለገው ጥፋተኛ ነበር፣ ሰፈር ውስጥም አገኘ። ውሃው የወረደ ቀን ዓሣ ለማጥመድ የወጡ ሴቶች እንቁላል ሲንሳፈፍ አይተው በቅርጫታቸው ለቅመዋል። ሦስት ቤት ውስጥ ቅርፊት ተገኘ። ሰብሳቢው ጉዳዩን በአንድ እርምጃ ፈታው፤ ዝዮቹ መጨረሳቸውን የሚገልጽ ሕጋዊ ደብዳቤ አለ፤ ስለዚህ ውሃው ሲለቀቅ እንቁላል ሊኖር አይችልም፤ እንቁላል ከተገኘ ከዚያ በፊት የተለቀመ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተለቀመ ጠባቂው ወይ ተኝቷል ወይ ተካፍሏል። ደብዳቤው እውነት ስለሆነ ረግረጉ ዋሸ።

ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው የዱር ሀብት ዘራፊዎች ተባሉ። ከእነሱ ውስጥ አሪየት የምትባል ትልቅ ሴት ነበረች፤ ማሰሮዋን ሳይቀር ገልብጠው ፈትሸውባታል። ኦጉላ ራሱ ሲከሰስም ለእነሱ ሲተረጉምም ቆየና በመጨረሻ ወደ ጸጋአብ ዞረ።

"ኤክስፐርት፣ አንተ ንገራቸው።"

ጸጋአብ የደብተሩን ገጽ ገለጠ። "ይጣራል ወንድሜ" አለ።

ኦጉላ ይህንንም ለሴቶቹ ተረጎመ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገደ። ዩኒፎርሙን፣ ቦት ጫማውንና ብስክሌቱን አስረከበ። በብስክሌቱ ጠዋት ጠዋት ልጁን አቦቦ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር፤ የንብረት ቅጹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።

ከዚያ በኋላ የጸጋአብ ምግብ ሳህኑ ላይ መቅረት ጀመረ። ናዝሬት ሦስት ቀን ታገሠችው፤ ወባ ይሆናል ብላ ደሙን ሳይቀር አስመረመረችው። ንጹሕ ነው። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ምን እንደነካው አጥብቃ ስትይዘው ሁሉንም ነገራት፤ መኪናዋን፣ የአሠራር ክፍተቱን፣ የኔትወርኩን ችግር፣ የአየር ንብረት ለውጡን። ናዝሬት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እኔ ያልለካሁትን የበሽተኛ ትኩሳት ካርድ ላይ ብጽፍ ምን ትለኛለህ?"

ይህ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም ሊል ጀመረና ሳህኑን ከደነው። እሷ ምሳዋን ጨርሳ ወደ ተራዋ ሄደች። እሱ ከተከደነው ሳህን ጋር ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሱን የኅሊና ሰው አድርጎ ያስብ ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ በሌሎች ሰዎች ስህተት መናደዱ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ የቢሮው ግምገማ ሆነ። ግምገማ ያልገባ አንባቢ ካለ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተነስቶ ራሱን የሚወቅስበት ስብሰባ ነው። ወቀሳውም መልክ መልክ አለው፤ ሰዓት አላከብርም፣ ተነሳሽነት ይጎድለኛል፣ ንባብ አላዳበርኩም። ማንም እንዳይጎዳ ተመዝኖ የተቆረጠ ጥፋት ነው። ጸጋአብ ተራው ሲደርስ ተነሳ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ዓመት በኋላ የተነገረው የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ይህ ነው።

"ረግረጉ ድረስ ሳልሄድ ነው 'ጨርሰዋል' ብዬ የጻፍኩት። ኦጉላ አስጠንቅቆኝ ነበር።"

ቃለ ጉባኤ ያዡ "በመስክ ክትትል ረገድ ክፍተት" ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አልማዜ ራሷን ነቀነቀች፤ ጓዶች፣ ግለ ሂስ ማለት እንዲህ ነው፣ ሳይሸፋፍን ነው ያቀረበው አለች። አንዱ ከኋላ ጸጋአብ ራሱ ላይ ጨክኗል፣ መኪና አለመኖሩን መጥቀስ ነበረበት ብሎ ተከላከለለት። ሌላው እሱም ተመሳሳይ ድክመት እንዳለበት ተናግሮ ተቀመጠ። ውጤት ሲሰጥ ጸጋአብ ከዓምናው ሁለት ነጥብ ጨመረ፤ በግልጽነት። ጥፋቱን ይዞ ገብቶ ተሸልሞ ወጣ። እንደዚያ ቀን ያፈረበት ቀን የለም። የእኛ ቢሮ ውሸትን ብቻ አይደለም፣ እውነትንም ማኅተም መትቶ ይቀብረዋል።

በማግስቱ ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ የዓምናውንና የዘንድሮውን፣ ጎን ለጎን አድርጎ የወይዘሮ አልማዜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከሥራቸው ሦስተኛ ወረቀት ነበር፤ የመስክ ምልከታው እንዳልተደረገ፣ ጠባቂው ቀድሞ እንዳሳወቀ፣ ሴቶቹ ቤት የተገኘው እንቁላል ከውሃው የተለቀመ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ከነስሙና ከነፊርማው።

እሷ ሦስቱንም አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ትናንት ተናግረሃል እኮ፣ ተመዝግቧል አለችው። ይህን ወረቀት ከተቀበለችው የሷም ፊርማ አብሮ እንደሚከሰስ፣ እርሻውም ደብዳቤውን ይዞ እንደሚመጣ፣ እሱም ቦታውን ሊያጣ እንደሚችል አስረዳችው። ያስፈራራችው አይመስልም፤ የደከማት ትመስል ነበር። ቅዳሜና እሁድን አስብበት አለችው።

"ካሰብኩበት አልሰጥሽም፣ ወይዘሮ አልማዜ። ዛሬ ቁጥር ይሰጠው" አላት።

ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው። ጸጋአብ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ደረቱን ነፍቶ ወደ አቦቦ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። እግረ መንገዱን ለኦጉላ የሚለውን አዘጋጀ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቶለታል።

ኦጉላ ደጁ ላይ መረብ ሲጠግን አገኘው። ተነስቶ ጨበጠው፣ ወንበር ሰጠው፣ ሁሉንም ሰማው፣ መረቡን ግን አላስቀመጠም።

"ለእኔ አትንገረኝ። እኔ አውቃለሁ። ሌባ የተባሉት እነሱ ናቸው፤ ለእነሱ ንገር።"

እነሱ አማርኛ አይሰሙም፤ ጸጋአብ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአኙዋክኛ የሚያውቀው ሰላምታና የዓሣ ስም ነው። ስለዚህ ያችኑ ዛፍ ሥር፣ ያንኑ ሕዝብ ሰብስበው፣ ንስሐውን የሚተረጉምለት ያው የበደለው ሰው ሆነ። ሴቶቹ መጥተው ተቀመጡ፤ አሪየት ከፊት። ጸጋአብ ቆሞ ተናገረ። ከዝናቡ መዘግየት ጀመረ፣ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ አስረዳ፣ ተሽከርካሪ ባለመኖሩ ማለት አማረውና ዋጠው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንደሆነ፣ እነሱ ምንም እንዳልበደሉ፣ በቢሮው ስም ሳይሆን በራሱ ስም እንደሚናገር ገለጸ። ብዙ ደቂቃ ፈጀ።

ኦጉላ ወደ ሴቶቹ ዞሮ የተናገረው ሁለት ቃል ነው።

"ምን አልካቸው?" አለ ጸጋአብ።

"'አልመጣም ነበር' አልኳቸው።"

ከዚያ ረጅም ንግግር ውስጥ ፍሬው ያው ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ጥቂት አወሩ፤ አንዷ ሳቀች፣ ሳቁ በእሱ ላይ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። አሪየት ግን አልሳቀችም። ፊት ለፊት እያየችው አንድ ነገር ጠየቀች።

"አሁን ስንት ቀርተዋል ትላለች" አለ ኦጉላ።

ሁለት መቶ ወፍ በላቲን የሚጠራው ሰው ደብተሩን አገላበጠ። ኮሚቴው ቅርፊት እንጂ ዝይ አልቆጠረም።

"አላውቅም፣ እማማ አሪየት" አለ።

ኦጉላ ይህንን ቃል በቃል ተረጎመው። አሪየት በአገጯ ወደ ረግረጉ አመለከተች። ሂድና ቁጠር ማለት ነው።

ጸጋአብ ቦት ጫማ አልነበረውም፤ ኦጉላም የራሱን አስረክቧል። ሁለቱም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በባዶ እግር ገቡ። እንደ ወዳጅ አልሄዱም፤ ኦጉላ ፊት ፊት፣ እሱ ከኋላ እየተንሸራተተ፣ ጠጠር ያለውን ቦታ እንኳ ሳያሳየው። ጉብታ በጉብታ ዞሩት። አንዳንዱ ጉብታ ላይ የእንቁላል ሽታ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ፤ እግሩ በደንገል ተቆራርጦ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ኦጉላ በታኅሣሥ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ደብዳቤው "በተደረገው ማጣራት" ይላል፣ ማን ማንን እንደበደለ አይልም። ጸጋአብ ከደረጃው ዝቅ ተደረገ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ፋይሉ ውስጥ ገባ። ሴቶቹን ይቅርታ የጠየቀ መሥሪያ ቤት የለም። እሱም ይህ ሁሉ ቅጣት እንዳላቀለለው ለናዝሬት ነግሯታል፤ እሷም ሊያቀልልህ አልነበረም አለችው።

ያን ቀን ግን ከረግረጉ ሲወጡ አሪየት ዛፉ ሥር እንደተቀመጠች ትጠብቅ ነበር። ጸጋአብ በጭቃ ተለውሶ ፊቷ ቆመ።

"አሥራ አንድ ትልልቅ" አለ። "ጫጩት የለም።"

ኦጉላ አሥራ አንዱን በጣቶቹ አሳያት። የቀረውን አልተረጎመውም፤ እሷም አልጠየቀችው። "የለም" የሚለውን አማርኛ በዚያ ሰፈር የማያውቅ ሰው የለም፤ ከየቢሮው ደጅ ቆመው የተማሩት እሱን ነው።